ብሩሹ ይጫወት፣ ቀለበቱ አይደፈን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ በወፍራም ብሩሽ በእጅ የተቀቡ የሚመስሉ፣ ለታፔላ፣ ለፖስተርና ለሸቀጥ ማሸጊያ የሚያገለግሉ ተጫዋች የፊደል ቅርጾችን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጥያቄዎቹን ያቀረብናቸው አሳጥረን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ጭማቂ ቤት ለመክፈት በዝግጅት ላይ ነኝ። የታፔላውን ጽሑፍ ራሴ ላዘጋጅ ብዬ ደስ የሚል የብሩሽ ፎንት ከኢንተርኔት አወረድኩ። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ልክ እንደ ናሙናው ይወጣል፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን ወደ ተለመደው ቀጭን ጽሑፍ ይለወጣል፤ በአሮጌው ስልኬ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። የተበላሸው ኮምፒዩተሬ ነው ወይስ ፎንቱ?

መልስ፦ ሁለቱም አልተበላሹም። አንድ ፎንት የሚይዘው ንድፍ አውጪው የሣላቸውን ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ለላቲን ጽሑፍ የተዘጋጀ የብሩሽ ፎንት ብዙውን ጊዜ 26ቱን ፊደላት በትልቁና በትንሹ መልክ፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ይዞ ያበቃል። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር ኮድ በሚመድበው የጋራ ደረጃ) የራሱን የኮድ ክልል ስላገኘ፣ ኮምፒዩተሩ «በ» ሲጻፍለት ምን እንደተጻፈ በትክክል ያውቃል፤ በመረጡት ፎንት ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው ግን ምንም ሳይነግርዎት ከሌላ ፎንት ተውሶ ያሳይዎታል። በዊንዶውስ የሚዋሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ፣ በማክ ከከፋ፣ በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ከኖቶ ነው። የሚዋሰው ባጣ ጊዜ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ያዩት ቀጭን ጽሑፍ የብሩሽ ፎንትዎ የደከመ መልክ ሳይሆን ፈጽሞ ሌላ ፎንት ነው።

ወደፊት ፎንት ሲመርጡ የድርጅትዎን ስም በናሙና መሞከሪያው ላይ በአማርኛ ጽፈው ይመልከቱ፤ ነገር ግን ናሙናው ራሱ ከሌላ ፎንት ሊዋስ ስለሚችል፣ የአማርኛው መስመር ከላቲኑ ጋር አንድ እጅ የጻፈው መምሰሉን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶችም እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። እነዚህ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፋይሉ ፎንቱ ወደሌለበት ማተሚያ ቤት ሲደርስ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። ሥራውን ለሕትመት ከመላክዎ በፊት ጽሑፉን በዲዛይን ፕሮግራሙ ወደ ቅርጽ መስመር ቢለውጡት ከዚህ ሁሉ ይድናሉ፤ ከተለወጠ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት ማረም ስለማይቻል፣ አስቀድሞ ሌላ ሰው ያንብብልዎት።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአንድ ታፔላ ፎንት አያስፈልግዎትም። የጭማቂ ቤትዎ ስም ቢበዛ አሥር ፊደል ቢሆን ነው፤ አሥር ፊደል ደግሞ በብሩሽ የሚጻፍ እንጂ ከ270 በላይ ቅርጽ ካለው ፎንት ተፈልጎ የሚወጣ አይደለም። የመሀል ከተማውን ጭማቂ ቤቶች ከነፍራፍሬ ሥዕላቸው፣ ፀጉር ማስተካከያዎችን ከነተቆረጠው ጭንቅላታቸው የሣሉት የታፔላ ጸሐፊዎች ፎንት የሚባል ነገር ሳይኖራቸው ለእያንዳንዱ ቃል የሚስማማውን ውፍረትና አቀማመጥ በዓይናቸው ይመድቡ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ መልክ ሲለወጥ ከቤቶቹ ጋር ብዙ የእጅ ጽሑፎችም አብረው ሄደዋል፤ ሙያው ግን በሰዎች እጅ ላይ አለ፤ ለአዲስ ቤትም አዲስ ታፔላ መጻፍ ይችላል።

በላሜራ ላይ በቀጥታ የሚያስጽፉ ከሆነ ላሜራው ከቅባት ጸድቶ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ፊደሉ በአንጸባራቂ የዘይት ቀለም ይጻፍ፤ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) የሚጨመርበት ቀለሙ ከብሩሹ ላይ ሳይጎተት እስኪለቅ ድረስ ብቻ ይሁን፤ ከቀጠነ በቁሙ ይወርዳል። የከተማው የታፔላ ቀለምና ልክ የራሱ መመሪያ ሊኖረው ስለሚችል ከወረዳው አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም። በሕትመት የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይጻፍልዎት፤ ስካን ተደርጎ ወደ ቬክተር (ሲያድግ ወደማይደበዝዝ የመስመር ሥዕል) ሲለወጥ በፈለጉት ልክ ይታተማል። መጠኑን በተመለከተ፣ የታፔላ ሠሪዎች ለላቲን ፊደል የሚጠቀሙበት ልማድ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት መስጠት ነው። በዚህ ስሌት ከመንገዱ ማዶ፣ ከ24 ሜትር ላይ እንዲነበብ የሚፈለግ ጽሑፍ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልገዋል። የእኛ ፊደል ግን በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ምልክት ስለያዘ፣ በተለይ ሲወፍር፣ ከዚህ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ አንድ ወፍራም የአማርኛ የብሩሽ ፎንት እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ፊደላቱን በኮምፒዩተር ባወፈርኳቸው ቁጥር ይደፈኑብኛል። መምህሬ «ዳቦ ቤት» ብዬ የጻፍኩትን «ዳባ ቢት» ብለው አነበቡት። የላቲን የብሩሽ ፎንቶች እንደ ልባቸው ሲወፍሩና ሲዘረጉ የእኛ ለምን አይሆንም? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህርዎ በሁለት ቃላት የችግሩን ዋና ዋና መልኮች አሳይተውዎታል፤ ስለዚህ በእነዚሁ ቃላት እንቀጥል።

በላቲን የብሩሽ ጽሑፍ ውስጥ የፊደሉን እግር ማስረዘምና ጅራቱን መጠምዘዝ ጌጥ ነው፤ ንባቡን አይነካውም። በእኛ ፊደል ግን እግር ማስረዘም ድምፅ መለወጥ ነው። «በ» ሁለት እኩል እግሮች አሉት፤ የቀኙ ሲረዝም «ባ»፣ የግራው ሲረዝም «ቦ» ይሆናል፤ «ሰ፣ ሳ፣ ሶ» እና «ሸ፣ ሻ፣ ሾ»ም እንዲሁ ናቸው። እርስዎ ለጨዋታ ያህል የቀኙን እግር ትንሽ ሲጎትቱት ዳቦው ዳባ ሆነ። ፊደላቱን በመስመሩ ላይ ከፍና ዝቅ አድርገው ማስደነስ ከፈለጉ ፊደሉን ከነእግሮቹ ያንሡት ወይም ያዘንብሉት እንጂ አንዱን እግር ለብቻው አይጎትቱ፤ ማዘንበሉም ከጥቂት ዲግሪ ካለፈ «በ» አንድ እግሩን ያነሣ ስለሚመስል በልክ ይሁን። በግእዝና በራብዕ፣ በራብዕና በሳብዕ መካከል ያለው የእግር ርዝመት ልዩነት በመደበኛ ጽሑፍ ከሚሰጠው በላይ እንዲጋነን አድርጌ እንድስል ብጠየቅ አላመነታም፤ በተጫዋች ፎንት ውስጥ ማጋነን የሚፈቀድበት ቦታ ቢኖር ይህ ነውና።

«ቤ» ወደ «ቢ» የተለወጠው በቀለበቱ መደፈን ነው። ሳልሱ በቀኝ እግሩ ግርጌ ወደ ጎን የወጣ አጭር ሠረዝ፣ ኃምሱ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለው፤ የቀለበቱ ውስጥ ነጭ ከጠፋ የሚቀረው ያው ሠረዝ ነው። ተመሳሳይ አደጋ በ«ጠ» እና በ«ጨ» መካከል አለ፤ የ«ጨ» የእግር ክበቦች ሲደፈኑ ሁለቱን የሚለይ ነገር አይገኝም። ከራስጌ በኩል ደግሞ «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ተ» ከ«ቸ»፣ «ነ» ከ«ኘ»፣ «ዘ» ከ«ዠ» የሚለዩት በአናታቸው ላይ ባለው ሠረዝ ነው፤ ሠረዙ ወፍሮ ከሥሩ ካለው ጭረት ጋር ሲቀላቀል «ሸ» ራሱ የከበደ «ሰ» ሆኖ ይቀራል። ወፍራም የብሩሽ ፎንት ሲሠሩ የሚሠሩት ጥቁሩን ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ነጭ ክፍተቶች የፊደሉ አካል ናቸው፤ አስቀድሞ ቦታ ሊያዝላቸው ይገባል።

ለዚህ ነው በኮምፒዩተር ማወፈር የማያዋጣው። ፕሮግራሙ ቀጭኑን ቅርጽ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ በየአቅጣጫው ስለሚያሰፋው ወደ ውጭ የጨመረውን ያህል ወደ ውስጥም ይጨምራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰለባዎች ቀለበቶቹ ናቸው። ከመጀመሪያውኑ ወፍራም ብሩሽ ይያዙና ይጻፉ፤ ብሩሹ በጠበበ ቦታ ላይ ማለፍ ሲያቅተው እጅዎ በራሱ መላ ያበጃል፤ ቀለበቱን ያሰፋል፣ ወደ ውጭ ያስወጣዋል፣ ወይም በብሩሹ ማዕዘን ብቻ በቀጭኑ ያዞረዋል። ጠፍጣፋ ብሩሽ ከያዙ የፊደሉ ቁመት ከብሩሹ ስፋት አራት እጥፍ ያህል እንዲሆን አድርገው ይጀምሩ፤ ወደ ሦስት እጥፍ ሲወርድ ክብደቱ ያምራል፣ ነገር ግን ለቀለበቱ ቦታ አይተርፍም፤ ቀለበቱን በትንሽ ብሩሽ ለብቻ ለመሥራት ካልተዘጋጁ በስተቀር እዚያ አይውረዱ።

ጠፍጣፋ ብሩሽ የምመርጠው በቁም ጽሕፈት ከተለመደው የመቃ ብዕር ጋር ጠባዩ ስለሚቀራረብ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ብዕራቸውን በአንድ አያያዝ ስለሚያንቀሳቅሱ ቋሚው ጭረት ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ የሕትመት ፊደላችንም ይህንኑ ወርሶ ኖሯል። አንባቢ ሳያውቀው ይህንን ስርጭት ይጠብቃል። አግዳሚውን ከቋሚው ቢያወፍሩት ፊደሉ ወዲያው ባዕድ ይመስላል፤ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፣ ቀልድ ላለበት ፖስተርም ይሆናል፣ ነገር ግን ታስቦ የሚደረግ እንጂ ከክብ ብሩሽ የግፊት ለውጥ በድንገት የሚወለድ መሆን የለበትም። ክብ ብሩሽ ውፍረቱን የሚቆጣጠረው ግፊት ስለሆነ ለስላሳና ሳቂታ ቅርጽ ይሰጣል፤ ወጥነቱን ለመጠበቅ ግን ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

ከላቲን ፎንቶች መማር ከፈለጉ የሚማሩባቸውን ይምረጡ። ሮበርት ስሚዝ ለአሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ የሠራው እ.ኤ.አ. የ1942ቱ ብራሽ ስክሪፕት እና ፈረንሳዊው ሮዠ ኤክስኮፎን እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ሚስትራል ውበታቸው ያረፈው አንዱ ፊደል ከቀጣዩ ጋር በመያያዙ ላይ ነው። የእኛ ፊደላት ለየብቻቸው የሚቆሙ ናቸው፤ በግድ ሲያያዙ ማያያዣው ጭረት ወይ የካዕብ ወይ የሳልስ ምልክት መስሎ ይነበባል። ይኸው ኤክስኮፎን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው ሾክ ግን ከባድ፣ ያልተያያዘ፣ ብሩሹ በፍጥነት ተጭኖ የተነሣበት ቅርጽ ነው። ወፍራም ጭረት እንዴት ድንገት እንደሚሾልና በፊደሉ ውስጥ ነጭ እንዴት እንደሚተርፍ ለማየት እርሱን ማጥናት የበለጠ ይጠቅምዎታል።

አሁን ወደ ሥራው። ፊደላቱን በሀ ሁ ተራ አይጻፉ፤ በቅርጽ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ይጻፉ፤ ባለ ሁለት እግሮቹን እነ «በ፣ ሰ፣ ለ»ን በአንድ ቀን፣ ባለ አንድ እግሮቹን እነ «ተ፣ ቀ፣ ገ»ን በሌላ፣ ክቦቹን እነ «ዐ፣ ወ፣ መ»ን በሌላ ጊዜ ቢሠሩ የእጅዎ ጠባይ በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሳድሶቹ ግን ወጥ ሕግ የላቸውም፤ በአማርኛ ቃላት ውስጥ ደግሞ በየቦታው ይገኛሉ። ስለዚህ «ት፣ ን፣ ል፣ ም፣ ር፣ ብ» የፎንትዎን መልክ የሚወስኑ ናቸውና ከድካም በፊት ይሠሩ። ቀለበቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ በየኃምሱ ላይ መለጠፍ አጓጊ ነው። የድሮው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መሠረቱንና ቅጥያውን እየለየ ይመታ የነበረው ቁልፍ ስላጠረው ነው፤ እርስዎ ግን ያ ችግር የለብዎትም። በእጅ የተቀባ የተባለ ጽሑፍ ላይ አሥር ቀለበት ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲታይ ማሽኑ ይጋለጣል። ለተደጋጋሚ ፊደላት ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ቅርጽ ይሥሩ፤ ኦፕንታይፕ የተባለው የፎንት ፋይል ዓይነት ቅርጹን እንደ ጎረቤቱ የሚቀይር ትእዛዝ ስላለው «ከከተማ» ወይም «የየዕለቱ» ሲጻፍ ሁለቱ «ከ»ዎች ወይም ሁለቱ «የ»ዎች እንዲለያዩ ማድረግ ይቻላል።

ወረቀቶቹን በ600 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርገው በኢንክስኬፕ ወይም በኢሉስትሬተር ወደ ቬክተር ይለውጡ፤ ከዚያ በፎንትፎርጅ፣ ማክ ካለዎት በግሊፍስ፣ ወደ ፎንት ያስገቧቸው። ኢንክስኬፕና ፎንትፎርጅ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስካኑ የወረቀቱን ሸካራነት ሁሉ ነጥብ አድርጎ ስለሚያመጣ የጭረቱን ጎን ያለስልሱ፤ የብሩሹ ጸጉር የተወውን ሻካራ ጭረት የሚጠብቁት ጭረቱ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ ብቻ ይሁን። በየቦታው የተነዛ ሻካራነት ጽሑፉ በትንሹ ሲታተም ቆሻሻ ይመስላል።

ሥራው ሰፊ መሆኑን አልሸሽግም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፣ የ«ቨ» ቤተሰብና ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከ270 ያልፋል፤ ሥርዓተ ነጥቡና አኃዙ ገና ነው። ቢሆንም ሞክሼዎቹን አላስፈላጊ ናቸው ብለው አይተዉ። «ሠርግ» ወይም «ፀሐይ» የሚል ሰው ፎንትዎን ሲጠቀም የጎደለው ፊደል ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ በቃሉ መካከልም አንድ ቀጭን እንግዳ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በሕትመት ሥራ ላይ ነኝ። ደንበኞች «በነጻ የወረደ» ፎንት ይዘው ይመጣሉ። ለንግድ ማሸጊያ ብንጠቀምበት ያስጠይቀናል? አንድ የታፔላ ጸሐፊ የጻፈልንን ጽሑፍስ ወደ ፎንት መለወጥ እንችላለን?

መልስ፦ በነጻ መውረዱና በነጻ ለንግድ መፈቀዱ የተለያዩ ናቸው። ብዙ የብሩሽ ፎንቶች «ለግል አገልግሎት ብቻ» ተብለው ይለቀቃሉ፤ ማሸጊያ ደግሞ የግል አገልግሎት አይደለም። ከፎንቱ ጋር የሚመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከሌለ ፈቃድ እንዳለዎት አይቁጠሩ። በኤስ አይ ኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለው የክፍት ፎንቶች ፈቃድ የተለቀቁት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ፣ ለንግድ ሥራ ያለ ክፍያ የሚፈቀዱ ናቸው፤ ማሻሻልም ይቻላል፤ የማይፈቀደው ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ሲሆን፣ አሻሽለው የሚያወጡትም በዚያው ፈቃድ ሥር መሆን አለበት። እነዚህ የብሩሽ ፎንቶች አይደሉም፤ ነገር ግን ከብሩሹ ጽሑፍ ሥር ለሚመጣው የዋጋ፣ የአድራሻና የይዘት ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ብዙ የክብደት ደረጃ አለው።

ጸሐፊውን በተመለከተ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ጥበብ ሥራን ይጠብቃል። ለአንድ ታፔላ የተከፈለ ዋጋ ያንን የእጅ ጽሑፍ ወደ ፎንት ለውጦ ለሌላ መቶ ደንበኛ ለመጠቀም የተከፈለ ዋጋ አይደለም። ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፤ ለምን ያህል ሥራ እንደሚውል፣ ስሙ በፎንቱ ላይ እንደሚጠቀስ፣ ከሽያጭ ድርሻ ይኑረው ወይስ አንድ ጊዜ ይከፈለው የሚለውን በግልጽ ያስፍሩ። እኔ ድርሻ ቢሰጠው እመርጣለሁ፤ የፎንቱ ዋጋ ያለው በእጁ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ካፌ አለኝ። ስሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ አይመስሉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተለመደው አካሄድ ላቲኑን መጀመሪያ መርጦ አማርኛውን ማስከተል ነው፤ ይገልብጡት። አማርኛውን ያስጽፉና ከእርሱ ጋር የሚሄድ የላቲን ቅርጽ ይፈልጉ፤ የላቲን የብሩሽ ፎንት በሽ በሽ ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ያልተያያዘ ይሁን፣ የጭረቱ አጨራረስ (የተቆረጠ፣ የሾለ ወይም የተድበለበለ) ከአማርኛው ጋር ይመሳሰል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ላቲኑ በሙሉ በትልልቁ ፊደል ሲጻፍ በቁመት ይቀራረባሉ። ከሁሉ የተሻለው ግን ሁለቱንም አንድ ሰው በአንድ ብሩሽ ቢጽፋቸው ነው።

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ለክፍሌ ግድግዳ የፊደል ገበታና አጫጭር ተረቶች በደማቅ የብሩሽ ፎንት ላዘጋጅ አስቤ ነበር። ልጆቹን ይስባቸዋል ወይስ ያደናግራቸዋል?

መልስ፦ ለርዕስ ይሳባሉ፤ ለተረቱ ይደናገራሉ። ማንበብ የለመደ ሰው የተደፈነውን «ቤ» ከቃሉ ገምቶ ያልፈዋል፤ ልጅ ግን ገና የሚማረው ያንኑ ልዩነት ስለሆነ የሚገምትበት ነገር የለውም። የተረቱን ገጽ በንጹሕ የንባብ ፊደል፣ ርዕሱን ብቻ በብሩሽ ይጻፉ።

ገበታውን ግን በብሩሽ ቢቀቡት ደስ ይለኛል፤ ፎንት ሳይጠቀሙ በራስዎ እጅ ይቀቡት። እያንዳንዱን ቤተሰብ ከግእዝ እስከ ሳብዕ በአንድ ረድፍ ያድርጉ፣ መሠረቱን በአንድ ቀለም ይቀቡና ድምፁን የሚለውጠውን ክፍል ማለትም የካዕቡን ቅጥያ፣ የኃምሱን ቀለበት፣ የረዘመውን እግር በሌላ ቀለም ያድምቁት። ሳድሱና አንዳንዱ ሳብዕ የሚለወጡት በመሠረታቸው ላይ ስለሆነ እነርሱን ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው ቀለም መቀባት ይቻላል። ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ይሁን፤ የዘይት ቀለምና አኳራጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሕፃናት አይመከርም። የፊደሉ ቁመት ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ በቂ መሆኑን ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ በተለይ «ጨ» እና «ቼ» ከዚያ ላይ ሆነው ከ«ጠ» እና ከ«ቺ» ካልተለዩ ብሩሹን አንድ ቁጥር ያሳንሱ።